በጽሑፍ ሚልንጋቪ፣ በጆሮ ሙልጋይ

ጥያቄ፦ ልጄ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ለትምህርት ልትሄድ ነው። ማደሪያ ያገኘችው ሚልንጋቪ በምትባል ትንሽ ከተማ ስለሆነ በየቀኑ በባቡር ትመላለሳለች። እኛ እዚህ የምናውቀው መናኸሪያና የጀልባ ወደብ ነው። እንዴት ትሳፈር? የትስ ላይ ልትሳሳት ትችላለች?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ መጀመሪያ የሚያሳስታት ስሙ ነው። ፊደሉ «ሚልንጋቪ» ያስብላል፤ የአገሩ ሰውም የጣቢያው ድምፅ ማጉያም የሚሉት ግን «ሙልጋይ» ነው። ከወዲሁ ጆሮዋን ታስለምድ።

ጠዋት አትቸገርም። ጣቢያው የመስመሩ መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ የሚነሳ ባቡር ሁሉ ወደ ግላስጎው ነው፤ መሃል ከተማ ለመድረስ 25 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ቲኬቱን ሳትሳፈር በፊት ከማሽን ወይም በስልኳ ትቁረጥ፤ ገብቼ ለረዳቱ እከፍላለሁ ማለት የታክሲ ልማድ ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ወዲህ የባቡር ድርጅቱ ስኮትሬይል በመጨናነቂያ ሰዓት ያስከፍል የነበረውን ጭማሪ ስላነሳ፣ ዋጋ እስኪቀንስ ብላ ክፍል አታርፍድ። ቲኬቱን መውጫው በር ላይ ስለምትጠየቅ እንዳትጥለው። የባቡሩ በር ደግሞ ራሱ አይከፈትም፤ ቁልፉ ሲበራ መጫን አለባት። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ቀድሞ ስለሚዘጋ እየሮጡ መድረስ አያዋጣም።

ከባዱ ማታ ስትመለስ ነው። የምትሳፈርበት የግላስጎው ኩዊን ስትሪት ጣቢያ ፎቅና ምድር አለው፤ የእሷ ባቡር የሚቆመው ከታች፣ 8 እና 9 ቁጥር መድረክ ላይ ነው። እዚያው ወደ ባሎክና ወደ ሄለንስበርግ የሚሄዱም ስለሚያልፉ፣ ተራው ደረሰ ብላ ሳይሆን የባቡሩን ግንባር አንብባ ትግባ። ከተሳሳተች ፓርቲክ ወይም ሃይንድላንድ ጣቢያ ላይ ወርዳ የራሷን ትጠብቅ፤ መስመሮቹ የሚለያዩት ከዚያ ወዲያ ነው። የሚልንጋቪ ቅርንጫፍ በከፊል ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ አንዱ ከዘገየ ከወዲያ የሚመጣውም ቆሞ ይጠብቃል። ፈተና ባለባት ቀን አንድ ባቡር ቀድማ ትነሳ። ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው በሸክም ሰው ቢሞላ አትደንግጥ፤ 154 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የዌስት ሃይላንድ የእግር መንገድ የሚጀምረው ከዚያች ከተማ ነው።

ሰዓቱ በ24 ይቆጠራል፦ 17፡20 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡20 ነው። እርስዎ ሲደውሉላት ደግሞ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከእኛ በ2 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ3 ሰዓት ወደኋላ መሆኗን ያስቡ፤ በክረምታቸው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከደወሉ እሷ ዘንድ ሌሊት 9 ሰዓት ነው።