መልስ፦ መኪናው ራሱን ሲነዳ ባጃጅ ቢገጭ ማነው የሚከፍለው?

አቦ ወንድሜ፣ እንኳን ሰው አልሞተ። የአጎትህ የኤሌክትሪክ መኪና ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ መሪውን ራሱ ይዞ ሲሄድ ባጃጅ ገጨ፤ «እኔ አልነዳሁም» ቢሉ ያድናቸዋል ወይ ነው ያልከው። አያድናቸውም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ከኃላፊነት አይወጣም። የሚያመልጠው መኪናው በወቅቱ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው።

ግን አንቀጽ 2084ን ልብ በሉ። ሁለት ተሽከርካሪ ሲጋጭ ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምትና የጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ያሸክማቸዋል። ጥፋቱ በሙሉ ወይም በዋናነት የአንዱ ሹፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይህ ይቀራል። እኔን የሚያሰጋኝ እዚህ ላይ ነው። አጎትህ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ከነበረ ጥፋቱ ወደሳቸው ያጋድላል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሪዞና ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና እግረኛ ሲገድል በወንጀል የተከሰሰችው ተቆጣጣሪ ሆና የተቀመጠችው ሴት ናት፤ ኩባንያው አልተከሰሰም።

አምራቹን መክሰስስ ይቻላል? አንቀጽ 2085 በር ይከፍታል፣ ጉድለቱን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ መኪናው ጋራዥ ሳይገባ፣ ሶፍትዌሩም ሳይታደስ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ፎቶ አንሱ። የካሜራውን ቅጂ አስቀምጡ። የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ኮፒ ያዙ። ለሦስተኛ ወገን መድን ሰጪያችሁም ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቁ።

የባጃጁን ልጅም ሄዳችሁ ጠይቁት፤ እንጀራው ነው የቆመበት።