የባክቴሪያውን ላይስ-ሲ ጂን አባዝቼው ላይሲኑ (አሚኖ አሲዱ) ለምን አልጨመረም?

ችግሩ ፍሬኑ እንጂ የጂኑ ብዛት አይደለም። ላይሲን በሚያመርተው ባክቴሪያ፣ በኮሪነባክቴሪየም ግሉታሚከም ውስጥ ላይስ-ሲ የተባለው ጂን ላይሲን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም፣ አስፓርቶካይኔዝን ይሠራል። ይህ ኢንዛይም ላይሲንና ሌላው አሚኖ አሲድ ትሪዮኒን አብረው ሲበዙ ሥራ ያቆማል። አንተ በፕላስሚድ (ከክሮሞዞሙ ውጭ ባለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ያባዛኸው ፍሬን ያለበትን ኢንዛይም ነው።

1. ፍሬኑን ለመንቀል በኢንዛይሙ ውስጥ 311ኛውን አሚኖ አሲድ፣ ትሪዮኒንን፣ ወደ አይሶሉሲን ቀይረው። የምትነካው አንድ የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ነው፤ ኤሲሲ የነበረው ኤቲሲ ይሆናል።

2. ለውጡን ክሮሞዞሙ ላይ አስገባው። አንቲባዮቲክ ከሌለ ፕላስሚዱ ሹልክ ብሎ ሊጠፋ ይችላል።

ሚውታንቱን (ለውጡ ያለበትን ባክቴሪያ) በኤኢሲ፣ ማለትም ላይሲንን መስሎ በሚገባው መርዝ፣ ልትለቅም ካሰብክ ግን ተጠንቀቅ። እኔ ሳህኑ ላይ ያበጠ ኮሎኒ ሁሉ የድል ምልክት መስሎኝ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ። ለካ የአብዛኞቹ ላይስ-ሲ ፍንክች አላለም! መጀመሪያ ጂኑን ሲኩዌንስ አስደርግ (ፊደሎቹን አስነብብ)፣ ፈርመንተሩን (የማምረቻ ጋኑን) ከዚያ ትነካለህ።