የጌም ጥያቄና መልስ፦ የሚያዝናናው ደሙ ነው ወይስ ጨዋታው?

ከሰሞኑ የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚሽከረከሩት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው። «ለአዋቂ ብቻ» ተብሎ የሚሸጥ ጌም፣ ደሙ፣ ስድቡና የመኝታ ቤቱ ትዕይንት ጨዋታውን የበለጠ አስደሳች ያደርገዋል ወይ? ሰባቱን መርጠናል።

«ጓደኞቼ ደም የማይታይበት ጌም የሕፃን ነው ይሉኛል። እኔም ሞርታል ኮምባትን የወደድኩት በደሙ ይመስለኛል። እውነት የሚያዝናናው ደሙ ነው?» (የ19 ዓመት ወጣት፣ ከአዳማ)

ዓይንህን የሚስበውና ከወንበርህ እንዳትነሳ የሚያደርግህ ነገር ይለያያሉ። ደም በመጀመሪያው ጎበዝ ነው፤ በሁለተኛው ግን ብዙ አይረዳም።

ያነሳኸውን ጌም ራሱን እንውሰድ። ሞርታል ኮምባት በ1993 ለቤት ማጫወቻ ሲወጣ የኒንቴንዶው ቅጂ ደሙን ወደ ግራጫ ላብ ቀየረው፤ ፋታሊቲዎቹንም፣ ማለትም ተሸናፊው በጭካኔ የሚገደልባቸውን የማብቂያ ምቶች፣ አለዘባቸው። በሴጋው ላይ ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ቢ ተብሎ በተርታ ሲጫን ደሙ ይለቀቅ ነበር። በሽያጭ የሴጋው በለጠ፤ ኒንቴንዶም ሁለተኛውን ክፍል ደሙን ሳይነካ አወጣው። እስከዚህ ድረስ ጓደኞችህ ልክ ናቸው፤ ደም ገዢ ይጠራል።

አሁን ግን ፋታሊቲው መቼ እንደሚመጣ አስተውል። ማን እንዳሸነፈ ከታወቀ በኋላ ነው። ያላበህ፣ ጣትህን ያመመህ፣ «አንዴ እንድገም» ያሰኘህ ግጥሚያ በዚያ ሰዓት አልቋል። አዲስ ፋታሊቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታይ ትጮሃለህ፤ ሃያኛው ላይ ሲደርስ ቶሎ አልፎልህ ወደሚቀጥለው ዙር መግባት ትፈልጋለህ። ደም እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ሥጋው ጥሩ ከሆነ ያጣፍጠዋል፣ ሥጋ ከሌለ ግን ሚጥሚጣ ብቻውን አይበላም።

ይህ በጥናትም ተፈትኗል። በ2009 አንድሩ ፕሺቢልስኪ፣ ሪቻርድ ራያንና ስኮት ሪግቢ ስድስት ጥናቶችን በአንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። በአንዱ ሃፍ ላይፍ 2 የተባለውን የተኩስ ጌም በሁለት መልክ አዘጋጁት፤ አንዱ እንደተለመደው ደም የሚፈስበት፣ ሌላው ወደ አባሮሽ የተለወጠ፣ የተመታው ሰው ከመውደቅ ይልቅ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚንሳፈፍበት። ደስታውን የወሰኑት «እየቻልኩ ነው» የሚለው ስሜትና በራስ ምርጫ የመንቀሳቀስ ነፃነት ሆነው ተገኙ፤ ጭካኔው የጨመረው ነገር በጣም ትንሽ ነበር። ይበልጥ የሚገርመው በባሕርያቸው ቁጡ የሆኑት ናቸው፤ ደም ያለበትን ጌም ይመርጣሉ፣ ሲጫወቱት ግን በደሙ የተነሳ የተለየ ደስታ አላገኙም።

አንድ ነገር ግን ለደም ልንመሰክርለት ይገባል፤ መልስ ይሰጣል። ሩቅ ያለ ጠላት ላይ ስትተኩስ ያቺ ቀይ ነጠብጣብ «መትተሃል» እያለችህ ነው። ደሙ ጠፍቶ በቦታው ምንም ካልተተካ መሣሪያህ ውኃ የሚረጭ ይመስልሃል፤ በግዴለሽነት የተቆረጡ ቅጂዎች የሚደብሩት ለዚህ ነው። ምትክ ሊሆኑ የሚችሉት በመሃል ስክሪን ብልጭ የምትል የመስቀል ምልክት፣ አጭር የመምታት ድምፅ፣ የጆይስቲኩ ንዝረትና የጠላቱ መንገዳገድ ናቸው።

ራስህን መፈተን ትችላለህ። ደም ማጥፊያ ሴቲንግ ያለው ጌም ምረጥና በአንድ ዓይነት የክብደት ደረጃ አምስት ዙር ከነደሙ፣ አምስት ዙር ያለደም ተጫወት። ንዝረቱን፣ ድምፁንና የመምታት ምልክቱን አትንካ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ «መድገም ምን ያህል አማረኝ?» ብለህ ከ10 ነጥብ ስጥና ጻፈው። ያለደሙ ነጥቡ ከወረደ፣ ደሙ ናፍቆህ ነው ወይስ መምታትህን ማወቅ አቅቶህ? እሱን ለይ።

«የ13 ዓመት ልጄ ጂቲኤ 5 ካልተገዛልኝ ብሎ አስጨንቆኛል። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ይጫወቱታል ይላል። ሽፋኑ ላይ ያለውን “ኤም” የሚል ፊደል ምን ያህል ልመነው?» (የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

ይመኑት። «ኤም» ማለት ከ17 ዓመት በላይ ማለት ነው። ደረጃውን የሚሰጠው ኢኤስአርቢ በ1994 የተቋቋመው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ሞርታል ኮምባትንና መሰሎቹን አንስቶ ከተከራከረ በኋላ ነው። አውሮፓ ያሉ አንባቢዎቻችን የሚያዩት ከ2003 ጀምሮ የሚሠራውን የፔጊ ቁጥር ነው፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18። ጂቲኤ 5 እዚያ 18 ነው።

ከፊደሉ ይልቅ ግን ጀርባው ላይ በትንንሽ ጽሑፍ የተዘረዘሩትን ምክንያቶች ያንብቡ። ሁለት ጌሞች እኩል «ኤም» ተብለው አንዱ በስድብ፣ ሌላው በጭካኔና በወሲብ ሊሆን ይችላል። ጂቲኤ 5 ውስጥ ወንበር ላይ የታሰረን ሰው ማሰቃየት የሚጠይቅ ተልዕኮ አለ። መሣሪያውን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው፤ ጥርስ ሲነቀልም ጆይስቲኩን የሚያዞረው እሱ ራሱ ነው። ልጅዎ ይህን በፊልም ቢያይና በገዛ እጁ ቢያደርገው አንድ አይደለም። ለልጁ ሲከለክሉም ይህንኑ በግልጽ ይንገሩት፤ «አይሆንም ብያለሁ» ብቻውን ጓደኛው ቤት ሄዶ እንዲጫወት ይገፋዋል። በኢንተርኔት የሚጫወተው ክፍል ደግሞ ከማያውቃቸው አዋቂዎች ጋር በድምፅ ያገናኘዋል።

ፒኤስ 5 ካላችሁ ሴቲንግስ ውስጥ «ፋሚሊ ኤንድ ፓረንታል ኮንትሮልስ» የሚለውን ይክፈቱ። በቤተሰብ አስተዳደሩ ሥር በትክክለኛ የልደት ቀኑ የልጅ አካውንት ያውጡለት፤ ከዚያ የዕድሜ ደረጃውን፣ ከሰው ጋር የመነጋገር ፈቃዱንና የገንዘብ ወጪ ጣሪያውን ይወስኑ። ብዙ ወላጅ እዚህ ያቆማል፤ ቁልፉ የሚሰበረውም ከዚህ በኋላ ባሉት ሦስት ቦታዎች ነው። አንደኛ፣ የማሽኑ ገደብ መክፈቻ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ 0000 ነው፤ ልጆች ያውቁታል፣ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ሁለተኛ፣ እዚያው ገጽ ላይ አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርንና በእንግድነት መግባትን ይከልክሉ፤ አለዚያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አዲስ ስም አውጥቶ ይገባል። ሦስተኛ፣ የእርስዎ ወይም የባለቤትዎ አካውንት ባለ አራት አኃዝ መግቢያ ቁጥር ይኑረው፤ ያለዚያ በእናንተ ስም ይጫወታል።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ጂቲኤ ውስጥ የሚወደው ምኑን እንደሆነ ይጠይቁት። ብዙውን ጊዜ መልሱ መኪና መንዳትና ሰፊ ከተማ ውስጥ እንደልብ መሄድ ነው። መንዳቱን ከሆነ ፎርዛ ሆራይዘን 5 ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ ነው። ከተማውን ከሆነ ደግሞ በ2018 የወጣው ስፓይደርማን ኒው ዮርክን እንደፈለገ ያዘዋውረዋል፤ ደረጃውም «ቲ»፣ ማለትም ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው።

«ባለቤቴ የተኩስ ጌም ልጆቹን ጠበኛ ያደርጋቸዋል ትላለች። እኔ አያደርግም ባይ ነኝ። ማን ነው ልክ?» (አባት፣ ከዱባይ)

ሁለታችሁም በከፊል። በ2019 ብሪታንያ ውስጥ 1,004 የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች የተጠኑበት ሥራ በጨካኝ ጌምና በልጆቹ ጠበኝነት መካከል ግንኙነት አላገኘም። የጌሞቹ ጭካኔ የተለካው በልጆቹ አስተያየት ሳይሆን በይፋዊው ደረጃ ነበር፤ የልጆቹን ጠባይም የመለሱት አሳዳጊዎቻቸው ናቸው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ደግሞ በ2020 ጌሙን ከመጮህና ከመገፋተር ጋር የሚያያይዝ አነስተኛ ግንኙነት መኖሩን፣ ከከባድ ወንጀል ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ቅዠትና እንቅልፍ ማጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ከጌም በኋላ መብራት አታጥፉብኝ ካለ ጥናት አያስፈልገውም፣ ጌሙ በዝቶበታል።

«“ኤኦ” የሚባለው ደረጃ ከ“ኤም” ይበልጣል ይባላል። ለምን ገበያ ላይ አይገኝም?» (ከአዲስ አበባ)

«ኤኦ» ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ብቻ ማለት ነው። የኮንሶል አምራቾቹ ይህ ደረጃ ያለበትን ጌም አይቀበሉም፣ ትልልቅ መደብሮችም አይሸጡትም። በ2005 ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ውስጥ የተደበቀ የወሲብ ትዕይንት ሲገኝ ደረጃው ከ«ኤም» ወደ «ኤኦ» ተቀየረና ከመደርደሪያ ወረደ። በ2007 ማንሃንት 2 መጀመሪያ «ኤኦ» ተሰጥቶት፣ ተቆራርጦ በ«ኤም» ወጣ። የተሻለ ጨዋታ አምልጦህ እንደሆነ አታስብ።

«ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን አንድ ነው፣ እሱም ሳሎን ነው። እናቴ ቡና እያፈላች እኔ ስጫወት ድንገት ራቁት ሰው ብቅ ይላል፤ የምገባበት ይጠፋኛል። ታሪኩን ሳልተው ይህን ማጥፋት ይቻላል?» (የ22 ዓመቷ አንባቢያችን፣ ከጎንደር)

በብዙ አዳዲስ ጌሞች ይቻላል፤ አዲስ ጨዋታ ከመጀመርሽ በፊት ሴቲንጉን ክፈቺ። ባልደርስ ጌት 3 ሁለት የተለያዩ ማብሪያዎች አሉት፤ አንዱ ብልትን፣ ሌላው በአጠቃላይ እርቃንነትን የሚመለከት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፣ ሁለቱንም አጥፊ። ሳይበርፐንክ 2077ም እርቃንን የሚሸፍን ምርጫ አለው። ኮል ኦፍ ዱቲ ደግሞ ደምን የሚቀንስ አለው፤ በ2009 የወጣው ሞደርን ዋርፌር 2 ሲጀመር ከባድ ትዕይንት እንዳለ ነግሮ መዝለል ትፈልጊ እንደሆነ ይጠይቃል።

ምስሉ ይሸፈናል እንጂ ንግግሩና ስድቡ አይጠፋም። ለዚህ የጆሮ ማዳመጫሽን ጆይስቲኩ ላይ ሰኪው። ፒኤስ 4 ላይ ከሰካሽ በኋላ በ«ዲቫይስስ» ሥር «ኦዲዮ ዲቫይስስ» ገብተሽ ወደ ማዳመጫው የሚሄደውን ከ«ቻት ኦዲዮ» ወደ «ኦል ኦዲዮ» ካልቀየርሽ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ መውጣቱን ይቀጥላል። ባልደርስ ጌት 3 ላይ የፍቅር ትዕይንቶቹ በብዛት የሚመጡት በጉዞ ማረፊያው (ካምፑ) ውስጥ ሌሊት ሲታደር ነው፤ ከማደርሽ በፊት ሴቭ አድርጊና ቤቱ ጭር ሲል ቀጥዪው።

«ሦስት ፒኤስ 4 ያለው ጌም ቤት አለኝ። ትልልቆቹ ሞርታል ኮምባት ሲጠይቁኝ አጠገባቸው ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ። ምን ላድርግ?» (ከሐዋሳ)

ከሁሉ በፊት ቴሌቪዥኑን ያዙሩት። አንዱን ማሽን ለትልልቆቹ ብቻ ይመድቡና ስክሪኑ ወደ በሩም ወደ ሌሎቹም እንዳይታይ ጥግ ላይ ያድርጉት፤ ልጅ የሚጎዳው በሚጫወተው ብቻ ሳይሆን ተራ ሲጠብቅ በሚያየውም ነው። ድምፁ በማዳመጫ ይሁን፤ የፋታሊቲ ጩኸት ከምስሉ በላይ ይርቃል።

ከሌሎቹ ሁለት ማሽኖች የአዋቂ ጌሞቹን ያጥፉ፤ ማስቀመጫ ቦታው ለኳሱና ለመኪናው ይለቀቃል። ከዚያ በወላጅ ቁጥጥሩ ገጽ «ፒኤስ 4 ሲስተም ሪስትሪክሽንስ» ውስጥ ይግቡ። መክፈቻው እዚህም 0000 ነው፤ ይቀይሩት። የዕድሜ ገደቡን ዝቅ ያድርጉና አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርንና በእንግድነት መግባትን ይዝጉ። የእግር ኳሱ ጌም ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ ስለሆነ አይነካም። ቁጥሩን ለሚያግዝዎት ልጅ አይስጡ፤ የሚያባብሉት እሱን ነው።

«ለአዋቂ መሆኑ በእውነት የጠቀመው ጌም አለ?» (ከቴል አቪቭ)

አለ፤ ጥያቄውን በጣም ወደነዋል። በአማርኛ «ለአዋቂ የተባለ» እና «የበሰለ» የምንላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጌም ሽያጭ ግን ያምታታቸዋል።

በ2014 ፖላንድ ውስጥ የተሠራው ዚስ ዋር ኦፍ ማይን የሳራዬቮን ከበባ መነሻ አድርጎ ጦርነትን ከወታደሩ ሳይሆን ከሲቪሉ ወገን ያሳያል። ቀን ቀን ምድጃ፣ አልጋና የውኃ ማጣሪያ እየሠራህ፣ ሌሊት አንድ ሰው ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ትልካለህ። ከቤቶቹ በአንዱ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት አሉ፤ ምግባቸውን ብትወስድ አይታገሉህም። ስትመለስ ግን ሰዎችህ ያዝናሉ፤ ሐዘኑ ከከፋ ቁጭ ብለው ሥራ አይሠሩልህም። ደም ብዙ አይታይም። ርዕሰ ጉዳዩ ግን ለልጅ አይሆንም፤ ክብደቱም ጨዋታው ራሱ ነው፣ ቆርጠህ ብታወጣው የሚተርፍ ነገር የለም። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች በሚመከሩ ሥራዎች ዝርዝር እንዲገባ መወሰኑን አስታውቋል።

ሁለተኛው በ2013 የወጣው ፔፐርስ፣ ፕሊዝ ነው። የድንበር ፓስፖርት መርማሪ ነህ፤ በትክክል ላሳለፍከው ወይም ለመለስከው ሰው በጌሙ ገንዘብ 5 ክሬዲት ይከፈልሃል፤ በቀን ሁለት ስህተት በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ይቀጣሃል። ማታ ኪራዩን፣ ምግቡንና ማሞቂያውን ከደመወዝህ ታካፍላለህ። ባል አልፎ ወረቀት የጎደላት ሚስት መስኮቱ ላይ ስትቆም፣ ማስጠንቀቂያህን በእሷ ላይ ማውጣት አለብህ ወይስ የለብህም? ፍተሻ ላይ እርቃን ይታያል፤ እሱን ማጥፊያ ሴቲንግ አለው፣ ሲጠፋም ከጨዋታው የሚቀንስ ነገር የለም።

ሁለቱም ያረጀ ላፕቶፕ አያስጨንቁም። ፔፐርስ፣ ፕሊዝ ከ2022 ጀምሮ በስልክም አለ፤ ወረቀቶቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ ከስልክ ይልቅ ታብሌት ይመረጣል።