መልስ፦ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ቢልሃርዚያው ግን ለምን ተመለሰ?

ወንድሜ፣ «ጣና ዳር ዋኝቼ ቢልሃርዚያ ያዘኝ፤ ፕራዚኳንቴል ወስጄ ከወራት በኋላ እንደገና ተገኘብኝ። መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው?» ብለሃል።

ይሠራል። ነገር ግን በደንብ የሚገድለው በሽታውን የሚያመጡትን ትሎች ከጎለመሱ በኋላ ነው። በቅርቡ ከውኃው ቆዳህን በስተው የገቡት ያመልጡትና ከሳምንታት በኋላ አድገው እንቁላል ይጥላሉ። ደግሞም ክትባት አይደለም፤ ወደዚያው ውኃ ከተመለስህ እንደ አዲስ ትያዛለህ። ባሕር ዳር እየኖርህ በየሳምንቱ የምትዋኝ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። የትሎቹን እጭ የሚያራቡት ቀንድ አውጣዎች ደንገልና ሣር የበዛበትን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይወዳሉ፤ እጮቹም በብዛት ወደ ውኃው የሚወጡት ፀሐይ ስትበረታ፣ ልክ ሰው መዋኘት በሚያምረው ሰዓት ነው!

ስለ አራት ዓመት ልጅህ ሕክምና፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሕክምናው ከ2 ዓመት ጀምሮ እንዲሰጥ መክሯል። ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተሠራው፣ በውኃ የሚሟሟውና ምሬቱ የቀነሰው አርፕራዚኳንቴልም በ2023 መጨረሻ ከአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ አዎንታዊ አስተያየት አግኝቷል። መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ የአንተን ክኒን ቆርሰህ እንዳትሰጠው፤ ጤና ጣቢያ ውሰደው።

ለምርመራ ስትሄድ መጨረሻ ውኃ የገባህበትን ቀን ንገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የተሰጠ ሰገራ እንቁላል ላያሳይ ይችላል።