ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሳርላ አጠገብ ወዳለው ማኑዋር (የድሮ የባላባት ቤት) ያለ መኪና ይደረሳል ወይ ላልሽው

ይከብዳል። ባቡሩ ሳርላ ከተማ ድረስ ያደርሳችኋል፤ የያዛችሁት የታደሰ የባላባት ቤት ግን ከከተማ ወጣ ያለ ገጠር ነው ብለሻል፣ እዚያ ደግሞ እጅ አንስተሽ የምታስቆሚው ታክሲ የለም።

1. ስለዚህ ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በቴዤቬ (ፈጣኑ ባቡር) ሄዳችሁ ቦርዶ ከተማ ውረዱ። 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።
2. መኪናውን ቦርዶ ተከራዩ። እንደ አሜሪካ እንዳይመስልሽ፣ አውቶማቲክ ብለሽ ቀድመሽ ካልያዝሽ ማርሽ ያለው ሊሰጡሽ ይችላሉ።

እናትሽ አብረው ስለሚሄዱ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ እናቴን ይዤ ሎዋር አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ስይዝ «1ኛ ፎቅ» የሚለውን አሜሪካ እንደለመድኩት ግራውንድ መስሎኝ ዝም አልኩ። ለካ ፈረንሳይ 1ኛ ፎቅ ማለት ደረጃ ወጥተሽ ነው! ሊፍት የለም፣ ደረጃው ጠመዝማዛ፣ ድንጋዩ ስንት ዘመን ተረግጦ መሃል መሃሉ ጎድጉዷል። እማዬ በየእርከኑ ቆማ «በስመአብ» ትላለች፣ እኔ ከኋላ ሁለት ሻንጣ ተሸክሜያለሁ።

ዛሬውኑ ለቤቱ ባለቤቶች ጻፊላቸውና «ሬ ደ ሾሴ» ላይ ያለ ክፍል ጠይቂ፣ ግራውንድ ማለት ነው።