መልስ፦ ሐረርን በአንድ ቀን

ወንድሜ፣ «ድሬዳዋ ነኝ፤ ሐረር ጓደኞች አሉኝ፤ አንድ ቀን ይበቃኛል?» ብለህ ነበር። በጠዋት ከተነሳህ በደንብ ይበቃሃል። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስም አይጠፋም።

ቁርስ ሳትበላ ሂድ። ጓደኞችህ ትኩስ ፈጢራ በማር ያብሉህ። ከዚያ ከፈረስ መጋላ አደባባይ መኪና ግርግር ወደሚባለው የሰፊዎች መንገድ ግቡ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ሰፊዎቹ ዛሬም በር ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት አየት አድርገህ እለፍ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የሐረሪ ቤት ነው። ጓደኞችህ የሚያውቁት ቤተሰብ ጋር ይውሰዱህ። ጫማህን አውልቀህ ትገባለህ። ቀይ የተቀባው መደብ ከፍና ዝቅ ያለ ነው፤ ቦታው በክብር ስለሚለይ እስኪያሳዩህ ቆመህ ጠብቅ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእጅ በተሰፋ ሙዳይና ሰፌድ ተሞልቷል። ቁጢ ካቀረቡልህ እንዳታልፈው። የቡና ቅጠል ነው የሚፈላው፤ እኔ በወተት በጣም እወደዋለሁ።

ሲመሽ አሮጌዋን ከተማ ከከበበው ከጀጎል ግንብ ውጭ ሰው ጅብ ሲያበላ እዩ። ሥጋው እንጨት ጫፍ ላይ ይደረጋል፤ ደፍረህ ከያዝከው የጅቡ ትንፋሽ ፊትህ ላይ ይሰማሃል። የማታ መኪና ግን ቀድመህ ተነጋገር፤ ካልሆነም እዚያው እደር።