መልስ፦ የቶፉ በርገር መጥበሻ ላይ እንዳይፈራርስ

የጾም በርገር ከቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት ከሚረጋ አይብ መሰል ምግብ) ሲያዘጋጁ መጥበሻ ላይ ለምን እንደሚፈራርስብዎና በእንቁላል ፋንታ ምን እንደሚጠቀሙ ለጠየቁት፣ ዋናው ምክንያት በቶፉው ውስጥ የሚቀረው ውኃ ነው። ጠንካራውን ዓይነት ቶፉ፣ 400 ግራም ያህል፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከባድ ድስት ይጫኑበትና ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። ጊዜ ካለዎት ግን አስቀድመው በፍሪዘር ካቆዩት በኋላ በረዶው ሲሟሟ ቢጨምቁት ውኃው በቀላሉ ይወጣል፤ ሲበላም ይበልጥ የሚታኘክ ስለሚሆን እኔ ይህን መንገድ እመርጣለሁ።

ከዚያም ቶፉውን በእጅዎ ፈርፍረው፣ በደቃቁ ተከትፎ ውኃው እስኪመጥ በጥቂት ዘይት ከተቁላላ ቀይ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ያዋሕዱት። የእንቁላልን ቦታ የሽሮ ዱቄት በሚገባ ይተካል፤ ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ ጨምረው፣ ሲጨበጥ ሳይሰነጠቅ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ይሹት። ሽሮው ጨውና ቅመም የገባበት ከሆነ ሌላ ጨው ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱት።

ጠፍጥፈው ለ30 ደቂቃ በፍሪጅ ካሳረፉት በኋላ በመካከለኛ እሳት ይጥበሱት፤ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ከመጥበሻው በራሱ እስኪላቀቅ ድረስም አይነካኩት፣ በደንብ የተጨመቀውን እንኳ ለመገልበጥ መቸኮል ያፈርሰዋልና።